ምርምራችሁን የት ታስቀምጡታላችሁ? የሳይንስ ፓርክ፣ የኢኖቬሽን ማዕከል፣ የኢንኩቤተር፣ የጋራ ላቦራቶሪና የኮንትራት ምርምር ንጽጽር

ሰሌዳው ላይ «ሳይንስ ፓርክ» ተብሎ የተጻፈበት ሕንፃ ውስጥ ገብቶ የሒሳብ አዋቂዎች ቢሮና የማስታወቂያ ድርጅት ብቻ አግኝቶ መውጣት ያጋጥማል። ስሙ «ማዕከል» ብቻ የሆነ፣ ከመንገድ የማይታይ ቤት ውስጥ ደግሞ ጥሩ ማይክሮስኮፕና መሣሪያውን ከልቡ የሚያውቅ ባለሙያ ሊገኝ ይችላል። ስሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ የሚከለክል በአብዛኛው ቦታ የለም። ምርጫውን ከስም የጀመረ ድርጅት እንግዲህ ከመጀመሪያው መንገድ ስቷል።

ይህ መመሪያ የታሰበው ምርምርና ልማቱ ከቢሮው ጥግ አልፎ ሌላ ቦታ ለሚፈልግ አነስተኛ ወይም መካከለኛ ድርጅት ነው። ሁለትና ሦስት ብሮሹር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሁሉም «ትስስር»፣ «ምኅዳር» እና «ዕድገት» የሚሉ ቃላትን ደርድሮ ሲቀርብ መለየት ያስቸግራል። ብሮሹሮቹን ለጊዜው ገለበጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸውና አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ምርምራችን የቆመው ምን አጥቶ ነው? መልሱ «ቦታ» ከሆነ እንደገና ጠይቁ። ቦታ ብቻ የጎደለው ምርምር ብዙም አላየሁም። ብዙውን ጊዜ የጎደለው መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው፣ ገንዘብ ወይም የመጀመሪያው ደንበኛ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ምርምሩ የደረሰበት ደረጃ ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ የተጀመረው የቴክኖሎጂ ዝግጁነት መለኪያ ዛሬ ከ1 እስከ 9 ይቆጥራል። 1 መሠረታዊ መርሁ ብቻ የታወቀበት ሲሆን፣ 9 በሥራ ላይ ውሎ የተፈተነ ቴክኖሎጂ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደረጃ 2 ላይ ያለ ሐሳብ የሚፈልገው ተመራማሪ ነው። ደረጃ 5 ላይ ያለው መሣሪያና ፈተና ይፈልጋል፤ ደረጃ 7 የደረሰው ደግሞ የሙከራ ማምረቻ ቦታና ደንበኛ። አንድ ቤት እነዚህን ሁሉ በእኩል ጥራት አያቀርብም።

ሁለተኛው የቤቱ አካላዊ አቅም ነው። የወለሉ ንዝረት፣ የአየር ማስወጫው፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ የኬሚካል ቆሻሻ አወጋገዱና የባዮሎጂ ደኅንነት ደረጃው እዚህ ይገባሉ። ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል። ሌላው ግን ከሁሉም በፊት ይመርምረው፤ ከተገባ በኋላ የሚስተካከል ነገር እዚህ ላይ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ቶማስ አሌን በ1970ዎቹ የመሐንዲሶችን የእርስ በርስ ንግግር ለክቷል። ጠረጴዛቸው በተራራቀ ቁጥር ንግግራቸው በፍጥነት ይቀንሳል፤ ርቀቱ ወደ 50 ሜትር ሲደርስ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ የመነጋገራቸው ዕድል እጅግ ያነሰ ይሆናል። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የሪሰርች ትራያንግል ፓርክ ስፋት 2,800 ሄክታር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ጎረቤታችሁ እገሌ ኩባንያ ነው» ሲሏችሁ ጎረቤቱን ለማግኘት መኪና ማስነሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ የተከራዮችን ዝርዝር ሳይሆን የፎቁን ካርታ ጠይቁ።

አራተኛው አእምሯዊ ንብረት ነው፦ በቤቱ መሣሪያ፣ በቤቱ ባለሙያ እገዛ የተገኘ ግኝት የማን ነው? አምስተኛው የክፍያው ዓይነት ነው። ኪራይ፣ አክሲዮንና የአገልግሎት ክፍያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስከፍለው ደግሞ «ነፃ» የተባለው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስድስተኛው መውጫው ነው፤ ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሳይንስ ፓርክ

ሐሳቡ ያደገው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መሬት ላይ ነው። በ1951 የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ዲን ፍሬድሪክ ተርማን ከገፋፉት ሰዎች ዋነኛው ሆኖ ዩኒቨርሲቲው መሬቱን ለቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ማከራየት ጀመረ፤ ቫሪያን የመጀመሪያው ተከራይ ሲሆን ሂውሌት ፓካርድም ገባ። በእንግሊዝ ደግሞ የካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ከ1546 ጀምሮ በእጁ የነበረ መሬት ላይ በ1970 የካምብሪጅ ሳይንስ ፓርክን መሠረተ። የመጀመሪያው ተከራይ ሌዘር ስካን የገባው ግን በ1973 ነው። የሪሰርች ትራያንግል ፓርክም በ1959 ተመሥርቶ መልኩን የለወጠው አይቢኤም ለመምጣት ሲወስን፣ በ1965 ነበር።

እነዚህን ዓመታት የደረደርኩት ለታሪክ ፍቅር አይደለም። ፓርክ ቀስ ብሎ የሚበስል ነገር ነው። አዲስ የተከፈተ ፓርክ ውስጥ በቅናሽ ኪራይ የሚገባ ድርጅት ርካሽ ቦታ ያገኛል፤ የተነገረለትን ትስስር ግን ለዓመታት ላያገኝ ይችላል። ርካሹን ቦታ ብቻ ከፈለጋችሁ ችግር የለውም። ትስስሩን ብላችሁ ከሆነ ግን ፓርኩ ስንት ዓመቱ እንደሆነና ባለፈው ዓመት ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጋራ የተሠራ ምርምር ያለው ተከራይ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው በታይዋን በ1980 የተከፈተው የሺንቹ ሳይንስ ፓርክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ግብር ማበረታቻውና ስለ መሠረተ ልማቱ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ከፓርኩ በፊት ነው። በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም እዚያው ሺንቹ ተመሠረተ። በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ የቺፕ ማምረቻ ቴክኖሎጂ ለማስተላለፍ ስምምነት ተደረገ፤ ወጣት መሐንዲሶች አሜሪካ ሄደው ሥራውን በእጃቸው ተምረው ተመለሱ። ቺፕ አምራቾቹ ዩኤምሲ በ1980፣ ቲኤስኤምሲ ደግሞ በ1987 ከዚሁ ተቋም ጉያ ወጥተው ቆሙ። ፓርኩ እነዚህ ሰዎች ከምርምር ተቋሙ ወጥተው ሩቅ ሳይሄዱ ኩባንያ የሚከፍቱበት ጎረቤት ሆነላቸው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችም አጠገቡ ነበሩ። ሌላ ቦታ ያሉ ሕንፃዎችን ከሺንቹ ጋር የሚያወዳድር ብሮሹር ሲያጋጥማችሁ «እውቀቱ የሚወጣበት ተቋም የትኛው ነው?» በሉ።

ፓርክ በተግባር የሚሰጠው ረጅም የኪራይ ውል፣ እንደ ፍላጎት የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ የሙከራ ማምረቻ ቦታ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሽግግር ጽሕፈት ቤት የሚያስገባ በርና ለተመራቂ ተማሪዎች የሚታይ አድራሻ ነው። ባለሀብትና ባንክ አድራሻውን ያከብሩታል፤ ይህም ዋጋ አለው። ነገር ግን ፓርክ ውስጥ ያሉና ከፓርክ ውጭ ያሉ ተመሳሳይ ድርጅቶችን ያወዳደሩ ጥናቶች ውጤታቸው የተደባለቀ ነው፤ አንዳንዶቹ ጥቅም አግኝተዋል፣ ሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላዩም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ፓርኮች ሲጀመር ጠንካራ ድርጅቶችን መርጠው ማስገባታቸው ነው።

የኢኖቬሽን ማዕከል

በናይሮቢ በ2010 የተከፈተው አይሃብ ለብዙ የአፍሪካ ማዕከላት አርአያ ሆኗል። በፓሪስ በ2017 የተከፈተው ስቴሽን ኤፍ ደግሞ በ1920ዎቹ በተሠራ የባቡር ጭነት ማራገፊያ አዳራሽ ውስጥ 34,000 ካሬ ሜትር ይዞ ተቀምጧል። በመጠን ቢለያዩም የሚያቀርቡት ተቀራራቢ ነው፦ ጠረጴዛ፣ ፈጣን ኢንተርኔት፣ የስብሰባ ክፍል፣ ሥልጠና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው። በወር የሚታደስ ውል ስላለው ለመግባትም ለመውጣትም ይቀላል።

የአሌን 50 ሜትር እዚህ በእውነት ይሠራል፤ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ተቀምጧልና። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የገንዘብ ክፍያ ሥርዓት ላይ ሲቸገር ሁለት ጠረጴዛ አልፎ መልሱን የሚያገኝበት ቦታ ይህ ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይነሳል። ክፍት አዳራሽ ምስጢር አይጠብቅም። በአውሮፓ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሕግ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ የተገለጸ ግኝት አዲስነቱን ያጣል። የአሜሪካ ሕግ ለፈልሳፊው የ12 ወር ዕድል ይሰጣል፤ በአውሮፓ ግን ይህን የመሰለ ጠቅላላ ፋታ የለም። ምሽት ላይ በማዕከሉ መድረክ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ሰጥቶ ጭብጨባ ያገኘ መሐንዲስ የድርጅቱን ፓተንት በዚያው ሊቀብረው ይችላል። መድረክ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ማመልከቻችሁን አስገቡ።

አሲድ፣ ሴል ወይም የሚጮህ ማሽን ያለው ምርምር እዚህ ቦታ የለውም። አንዳንድ ማዕከላት ባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያና የሌዘር መቁረጫ ስላላቸው «ላቦራቶሪ አለን» ይላሉ። የመጀመሪያውን ናሙና ቅርፅ ለማውጣት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ኢንኩቤተርና አክስለሬተር

ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ነው። የኢንኩቤተር ታሪክ የሚጀምረው በ1959 በኒውዮርክ ግዛት ባታቪያ ከተማ ነው። ጆሴፍ ማንኩሶ ትልቁ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ጥሎት የሄደውን ሕንፃ ቤተሰቡ ሲገዛ፣ ለአንድ ትልቅ ተከራይ ከመጠበቅ ይልቅ ከፋፍሎ ለትንንሾች አከራየው። ከተከራዮቹ አንዱ ጫጩት ፈልፋይ ነበርና «ማስፈልፈያ» የሚለው ስም በቀልድ መጣ፤ ቀልዱም የዓለም ቋንቋ ሆነ። መንፈሱ እስከ ዛሬ ያው ነው፦ ቀነስ ያለ ኪራይ፣ የጋራ አገልግሎት፣ የአንድ ሁለት ዓመት ትዕግሥት። በዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ኢንኩቤተር በደረጃ 2 እና 3 ላይ ላለ ምርምር ጥሩ ቦታ ነው፤ ፕሮፌሰሩ በእግር ይደረሳል።

አክስለሬተር ሌላ ነገር ነው። ዋይ ኮምቢኔተር በ2005 ያስለመደው አሠራር በሦስት ወር ገደማ የሚያልቅ ሩጫ ሲሆን፣ መጨረሻው በባለሀብቶች ፊት መቅረብ ነው። የድርጅቱ የታወቀ ውል 125,000 ዶላር ሰጥቶ 7 በመቶ ድርሻ ይወስዳል፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በኋላ ወደ አክሲዮን የሚለወጥ 375,000 ዶላር ይጨምራል። ለሶፍትዌር ይህ ፍጥነት ይስማማል። የመድኃኒት ሞለኪውል ወይም አዲስ ባትሪ ግን በሦስት ወር አይገፋም። እዚህ የሚገባ የምርምር ድርጅት የሚገዛው የባለሀብት ስልክ ቁጥር መሆኑን አውቆ ይግባ፤ ምርምሩ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል።

የጋራ ላቦራቶሪ

በእኔ ግምት ለባዮቴክኖሎጂና ለኬሚስትሪ ጀማሪ ከሁሉም የተሻለው፣ ግን ብሮሹሩ ያላማረው አማራጭ ይህ ነው። በማሳቹሴትስ በ2013 የተከፈተው ላብሴንትራል እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ድርጅቱ ሙሉ ላቦራቶሪ ከመገንባት ይልቅ የሥራ ጠረጴዛ ይከራያል፤ ሴንትሪፊዩጁ (ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን)፣ የሚያቀዘቅዘው ማሽን፣ የቆሻሻ አወጋገዱና የደኅንነት ፈቃዱ የቤቱ ነው። ለሁለት ተመራማሪ የራስ ላቦራቶሪ ማቆም ገንዘቡን ምርምሩ ሳይጀመር ይበላዋል።

ጉድለቱ ወረፋ ነው። የምትፈልጉት መሣሪያ በሳምንት ስንት ሰዓት ነፃ እንደሆነ እወቁ።

አንድ ቀን ከወዳጄ ጋር እንዲህ ያለ ቤት ለማየት ሄድን። አስጎብኚው አዲሱን የመለኪያ መሣሪያ በኩራት አሳየን። ወዳጄ ግን መሣሪያውን ትታ ከጎኑ የተንጠለጠለውን የተጠቃሚዎች መዝገብ ገለጠችው። የመጨረሻው ፊርማ ስምንት ወር አልፎታል። መሣሪያው ጌጥ ሆኖ ቀርቷል፤ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ለቆ ሄዷል። ቀጥላ ከቦርሳዋ ስስ ወረቀት አውጥታ በቀጭኑ ቀደደችና የኬሚካል ጭስ መምጠጫው ሳጥን አፍ ላይ ያዘችው። ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባው ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። አስጎብኚው ስለ ማኅበረሰቡ መናገሩን ቀጠለ። በሚቀጥለው ቤት ወረቀቱ ተሳበ፣ መዝገቡም በዚያው ቀን ፊርማ ነበረው፤ ግን የሚዛኑ የመጨረሻ አኃዝ አሳንሰሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይዘል ነበር። ወዳጄ ሁለተኛውን ቤት መረጠች፤ ሚዛኗን ምድር ቤት በሚገኝ ጥግ እንዲያኖሩላት ውሉ ውስጥ አስገብታ።

የኮንትራት ምርምር

ይህ ቦታ መቀየር አይደለም፤ ለዚህም ነው ብዙ ንጽጽሮች የሚረሱት። ችግሩን ይዛችሁ ወደ ምርምር ተቋም ትሄዳላችሁ፣ እነሱ ይፈቱታል፣ ትከፍላላችሁ። በ1949 የተመሠረተው የጀርመን ፍራውንሆፈር በዚህ የታወቀ ነው፤ ገቢው በግርድፉ ሲታይ አንድ ሦስተኛው ከመንግሥት መደበኛ በጀት፣ የቀረው ደግሞ ከኢንዱስትሪ ውሎችና በውድድር ከሚገኙ የሕዝብ ፕሮጀክቶች ነው። በቤልጂየም ሉቨን በ1984 የተቋቋመው አይሜክ በቺፕ ዘርፍ ተመሳሳይ ሚና አለው፤ የትኛውም ትንሽ ድርጅት ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን መሣሪያ ብዙዎች ይጋሩበታል።

ችግራችሁ አንድና የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ይህ ማጣበቂያ በሙቀት ለምን ይላቀቃል?» ዓይነት፣ ለዚህ ብሎ ቤት መከራየት ከንቱ ነው። ሆኖም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ ሪፖርቱ እጃችሁ ይገባል፣ ሥራውን የተማረው ሰው ግን እዚያው ይቀራል። ምርምሩ የድርጅታችሁ እምብርት ከሆነ ቢያንስ አንድ ሠራተኛችሁ በተቋሙ ውስጥ አብሮ እንዲሠራ ተስማሙ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚስማማው ደረጃ | ዋናው ጥንካሬ | ዋናው ስጋት | የሚከፈለው | መውጣት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳይንስ ፓርክ | ከ6 እስከ 9 | የራስ ላቦራቶሪ፣ የሙከራ ማምረቻ፣ አድራሻ | ትስስሩ በስም ብቻ መቅረቱ | ከፍ ያለ ኪራይ፣ ረጅም ውል | ከባድ |
| የኢኖቬሽን ማዕከል | ሶፍትዌር በማንኛውም ደረጃ | ሰውና ፍጥነት | ምስጢር መውጣቱ | አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ | ቀላል |
| ኢንኩቤተር | ከ2 እስከ 4 | ትዕግሥት፣ የዩኒቨርሲቲ ቅርበት | የአእምሯዊ ንብረት ባለቤትነት | ቀነስ ያለ ኪራይ፣ አንዳንዴ ድርሻ | መካከለኛ፣ የጊዜ ገደብ አለው |
| አክስለሬተር | ለገበያ የቀረበ ምርት | ባለሀብት | ምርምሩ መቆሙ | አክሲዮን | ቶሎ ያልቃል፣ ድርሻው ግን አይመለስም |
| የጋራ ላቦራቶሪ | ከ3 እስከ 6 | መሣሪያና ፈቃድ ወዲያው | ወረፋ፣ የባለሙያ መልቀቅ | በጠረጴዛ የሚታሰብ ኪራይ | ቀላል |
| የኮንትራት ምርምር | ከ3 እስከ 7 | ልምድ ያለው ቡድን | እውቀቱ ውጭ መቅረቱ | በፕሮጀክት | ፕሮጀክቱ ሲያልቅ |

ለማን የትኛው

ገንዘባችሁ ጥቂት ሆኖ ሥራችሁ ሶፍትዌር ከሆነ የኢኖቬሽን ማዕከል ይበቃችኋል፤ ሳይንስ ፓርክ ውስጥ የምትከፍሉት ለማትጠቀሙበት የአየር ማስወጫ ነው።

ገንዘባችሁ ጥቂት ሆኖ እርጥብ ላቦራቶሪ (ኬሚካል፣ ፈሳሽና ሴል የሚሠራበት) የምትፈልጉ ከሆነ የጋራ ላቦራቶሪ ቀዳሚ ነው። በአካባቢው ከሌለ የዩኒቨርሲቲ ኢንኩቤተር ሞክሩ፤ እሱም ከሌለ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ጋር በሰዓት የመሣሪያ ኪራይ ተዋዋሉ። ይህ የመጨረሻው አማራጭ በብሮሹር አይገኝም፣ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ይፈልጋል።

መካከለኛ ድርጅት ሆናችሁ ምርት በመሸጥ ላይ ሳላችሁ አንድ ቴክኒካዊ ችግር ቢያቆማችሁ ኮንትራት ምርምር ነው። ዕቃ ጠቅልሎ መሄድ አያስፈልግም።

ከደረጃ 6 በላይ ደርሳችሁ የተረጋጋ ገቢ ወይም የብዙ ዓመት የኢንቨስትመንት ገንዘብ ካላችሁ፣ ሳይንስ ፓርክ ትርጉም የሚሰጠው ያኔ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ደግሞ አንድ ትንሽ ቡድን ብቻ ፓርክ ውስጥ አስቀምጠው ዋናውን ላቦራቶሪ በራሳቸው ግቢ ማቆየት ይቀናቸዋል፤ ቡድኑ የሚቀመጠው አዲስ ሰው ለመቅጠርና ጆሮ ለመሆን ነው። መጥፎ ስልት አይደለም፤ ቡድኑ ውስጥ ያለው ሰው በዋናው ቤት የሚሰማ ከሆነ።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል፦ ጠረጴዛ በኢኖቬሽን ማዕከል፣ ሙከራ በጋራ ላቦራቶሪ። በገንዘብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፓርክ ይረክሳል። የሚያስከፍለው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው፤ ርቀቱ ከግማሽ ሰዓት ከበለጠ ተመራማሪው ወይ አንዱን ይተዋል ወይ ሁለቱንም ይጠላል።

ከመፈረም በፊት

ውሉን ከመጨረሻው ገጽ አንብቡት። ስትወጡ የገጠማችሁትን ማስወጫ፣ ያቆማችሁትን ግድግዳና የጋዝ መስመር ማፍረስ የማን ግዴታ ነው? ላቦራቶሪን ወደ ባዶ ክፍል መመለስ ከመገንባቱ የማያንስ ወጪ ሊሆን ይችላል። የኪራይ ጭማሪው በምን ይሰላል? ድርጅታችሁ ቢሸጥ ውሉ ለገዢው ይተላለፋል ወይስ ይቋረጣል?

ስለ አእምሯዊ ንብረት ሁለት ዝርዝር አዘጋጁ፦ ስትገቡ ይዛችሁት የመጣችሁት እውቀት፣ እና እዚያ የሚገኘው አዲሱ። የመጀመሪያውን ዝርዝር በውሉ ላይ አባሪ አድርጋችሁ አስፈርሙ። ዩኒቨርሲቲ ካለበት ደግሞ የገንዘቡን ምንጭ ጠይቁ። በአሜሪካ ከ1980 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተገኘን ግኝት ዩኒቨርሲቲው በባለቤትነት መያዝ ይችላል፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። አንድ ተመራማሪ በትርፍ ሰዓቱ «ላግዛችሁ» ብሎ የነካው ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ያውም ባለሀብቱ ሊፈርም በተቀመጠበት ሳምንት።

በጉብኝቱ ቀን ደግሞ አስጎብኚውን አመስግናችሁ ከቆያችሁ በኋላ ወደ መሣሪያ ክፍሉ ብቻችሁን ተመለሱ። እዚያ የሚሠራውን ቴክኒሻን ስንት ዓመት እንደቆየ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ማን እንደሚጠራና ባለፈው ጊዜ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቁት። ከእሱ ጋር ያሳለፋችሁት ሩብ ሰዓት ከዳይሬክተሩ ጋር ካሳለፋችሁት ሁለት ሰዓት የበለጠ ይነግራችኋል። ቴክኒሻን የሚባል ሰው በቤቱ ከሌለም መልሱን አግኝታችኋል።